እጅ እግርም ምላስም ሲሆን



መስማት ለተሳናቸው ሰዎች የሚሠራ ቤት የዊልቸር መወጣጫ ምን ያደርግለታል? ይህ ጥያቄ ሰሞኑን በልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍለ ጊዜ ተነሥቶ ብዙ አከራክሮናል። የተሰጠን የቡድን ሥራ «በአንዲት የወረዳ ከተማ መስማት ለተሳናቸው የመገናኛ ማዕከል ቢቋቋም ምን ምን ይሟላለት?» የሚል ነበር። ከመካከላችን የወምበርማ ልጆች ስላሉ ከተማዋ ሽንዲ ትሁን ተባለ። ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ ጥቁር ሰሌዳው፣ አስተርጓሚው ተራ በተራ ተዘረዘረ። መወጣጫው ላይ ሲደረስ ግን «የተጎዳው ጆሯቸው እንጂ እግራቸው መች ሆነ? ይህስ የሌላ ማኅበር ጉዳይ ነው» የሚል ሐሳብ ከዚህም ከዚያም ተሰማ። ደወል ስለ ተደወለ ክርክሩ ሳይቋጭ ቀረ። እኛም አቋማችንን በዚህ ሰሌዳ ላይ ልናቀርብ ብዕር አነሣን።

ባጭሩ አቋማችን ይህ ነው። ደረጃ ብቻ ያለው ቤት በዊልቸር የሚሄድን ማንኛውንም ሰው ይጎዳል፤ መስማት የተሳነውን የዊልቸር ተጠቃሚ ግን እጥፍ ድርብ ይጎዳዋል። ስለሆነም መወጣጫው በዝርዝሩ ግርጌ «ቢኖር ጥሩ ነው» ተብሎ የሚጨመር ጌጥ ሳይሆን ከአስተርጓሚው እኩል የሚቆም ነገር ነው። እንዴት? ቢሉ ምክንያታችንን እነሆ።

ከሁሉ አስቀድሞ «እግራቸው መች ሆነ?» የሚለውን አባባል እንመርምር። አባባሉ እንዲያው ከሜዳ የመጣ አይደለም። በአገራችን የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት የተደራጁት በጉዳት ዓይነት ተለይተው ነው። የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1970 ተመሠረተ። ዓይነ ስውራንም የራሳቸው ብሔራዊ ማኅበር አላቸው። ይህ አደረጃጀት ብዙ በጎ ሥራ ሠርቷል። የምልክት ቋንቋ እንደ ማንኛውም ቋንቋ ሙሉ ቋንቋ መሆኑን ለማሳወቅ የደከሙት ራሳቸው መስማት የተሳናቸው ወገኖቻችን በማኅበራቸው ተሰባስበው አይደለምን? እ.ኤ.አ. በ2008 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ደረጃ ማስተማር መጀመሩም የዚሁ የረጅም ጊዜ ድካም አንዱ ፍሬ ነው። ነገር ግን ጉዳት እንደ ማኅበር መዝገብ በየዓምዱ ተለይቶ አይመጣም።

ለዚህ ምስክር የሚሆኑ ሕመሞች አሉ። አገራችን የማጅራት ገትር ቀበቶ በሚባለው የአፍሪካ ክፍል ውስጥ ትገኛለች፤ እ.ኤ.አ. በ1981 እና በ1989 ታላላቅ ወረርሽኞች ተነሥተውባታል። ከማጅራት ገትር ከሚተርፉት ሰዎች አንዳንዱ የመስማት ችሎታውን ያጣል፤ አንዳንዱ እጅ እግሩ አልታዘዝ ይለዋል፤ ሁለቱም ባንድ ሰው ላይ የሚወድቁበት ጊዜ አለ። አራስ ልጅ ሰውነቱ በጣም ቢጫ ሆኖ ሳይታከም ከቀረም ጆሮውም የሰውነቱ እንቅስቃሴም ባንድነት ሊጎዱ ይችላሉ። ፈንጂ ሲፈነዳ እግር እንደሚቆርጥ ሁሉ የጆሮ ታምቡርም ይቀዳል። እነዚህ ሁሉ ይቅሩና፣ ከልጅነቱ ጀምሮ መስማት የተሳነው ሰው እንደ ማንኛችንም ያረጃል፤ ጉልበቱ ይከዳዋል። ያን ጊዜ ከማኅበሩ ይሰናበት ሊባል ነው?

እንዲህ ያለው ሰው በሁለት ደጆች መካከል ይቀራል። ለዊልቸር ተጠቃሚዎች ታስቦ ወደ ተሠራው ቤት ሲሄድ መወጣጫ አለ፣ የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው የለም። መስማት ለተሳናቸው ታስቦ ወደ ተሠራው ሲሄድ የምልክት ቋንቋ አለ፣ መወጣጫ የለም። ሁለት ቤት እያለው ደጅ ያድራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። መስማት የሚችል ሰው በዊልቸር ሲሄድ በእጁ ጎማውን እየገፋ በአፉ ይጫወታል። ዳገት ቢገጥመው ትንፋሹ ቢያጥረው እንጂ ንግግሩ አይቋረጥም። መስማት የተሳነው ሰው ቋንቋው ያለው ግን በእጁ ላይ ነው። ሁለት እጁ ጎማ ከያዘ ንግግሩ ቆመ ማለት ነው። ለእርሱ እጅ እግርም ነው፤ ምላስም ነው። የአማርኛውን የጣት ፊደል የተማርን ሁላችን እንደምናውቀው ተነባቢው በእጅ ቅርጽ፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለው አናባቢ ደግሞ በእጅ እንቅስቃሴ ይለያል። እጁ ካልተንቀሳቀሰ «ለ» ከ«ሎ» አይለይም። እንግዲህ መንገዱ ወጣ ገባ፣ መወጣጫው ቀጥ ያለ ሲሆን የሚወሰድበት ጉልበቱ ብቻ አይደለም፤ አንደበቱም ነው።

ከኋላው ሰው ቢገፋለትስ? የሚገፋው ሰው ከጀርባ ስለሆነ እጁን ማየት አይችልም። ጓደኛው ከጎኑ እየሄደ በምልክት እንዳያጫውተው መንገዱ ለሁለት የማይበቃ ጠባብ ከሆነ በመሄድ ላይ ሳለ ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ ነው። አራት ጎረምሶች ከነወንበሩ አንሥተው ደረጃውን ሲያወጡትማ የባሰ ነው። እንዳይወድቅ ሁለት እጁን የወንበሩ መደገፊያ ላይ አጥብቆ ይይዛል። «ኧረ ቀስ በሉ፣ ጎኔን አመመኝ» ሊል ቢፈልግ በምን ይበል? መስማት የሚችል ሰው ይጮኻል። እርሱ ግን እጁን ከለቀቀ ሊወድቅ ነው፤ ካለቀቀ ሊናገር አይችልም።

ሌላም ምክንያት አለ፤ በኛ አገር ገጠር ለምንኖር ሰዎች ከሁሉ የከበደው ይህ ይመስለናል። በዊልቸር የሚሄድ መስማት የሚችል ሰው ከአዳራሹ ደጅ ቢቀር እንኳ በመስኮት የሚወጣውን ንግግር ይሰማል፤ ካጠገቡ ከሚያልፈው ሁሉ ጋር በአማርኛ ያወጋል፤ ማታ ቤቱ ገብቶ ሬዲዮ ይከፍታል። ተበድሏል፤ ቋንቋው ግን አልተወሰደበትም። በአንድ የገጠር ቀበሌ ያለ መስማት የተሳነው ልጅ ግን ብዙ ጊዜ በምልክት ቋንቋ የሚያናግረው ሌላ ሰው በአቅራቢያው አያገኝም። ከቤተሰቡ ጋር የሚግባባው ራሳቸው ባወጧቸው ጥቂት ምልክቶች፣ ብላ፣ ጠጣ፣ ከብት መልስ በሚሉት ነው። ወሬ፣ ቀልድ፣ ተረት፣ ሐሜት እንኳ አያገኝም። እንዲህ ላለው ሰው የመገናኛ ማዕከል ማለት ካርታ መጫወቻና ሻይ መጠጫ ብቻ አይደለም። ቋንቋው የሚነገርበት አንድ ቤት ነው። በዚያ ቤት ደጅ ላይ ሦስት ደረጃ ማቆም ከቤት መከልከል ብቻ ሳይሆን ከቋንቋ መከልከል ነው። «እጥፍ ድርብ» ያልነው ስለዚህ ነው።

እስቲ ደግሞ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በአሜሪካ ዋሽንግተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1864 የተመሠረተ ጋሎዴት የሚባል ዩኒቨርሲቲ አለ፤ መስማት የተሳናቸው ሰዎች በምልክት ቋንቋ የሚማሩበት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ሃንሰል ባውማን የተባለ አርክቴክት ከዚያው ተማሪዎችና መምህራን ጋር «መስማት ለተሳነው ሰው ምን ዓይነት ሕንፃ ይመቸዋል?» ብሎ አጠና። የተገኘው መልስ ለክርክራችን ፍቱን ነው። በምልክት እያወጉ የሚሄዱ ሁለት ሰዎች ዓይናቸው እርስ በርስ ስለሚተያይ ወደ እግራቸው አያዩም። ደረጃ ሲገጥማቸው ወይ ወሬውን ያቋርጣሉ፣ ወይ ይደናቀፋሉ። ስለዚህ በደረጃ ፈንታ ለስላሳ ተዳፋት ይመረጣል። መተላለፊያውም ሁለት ሰዎች እጃቸውን እያንቀሳቀሱ ጎን ለጎን እንዲሄዱ ሰፊ መሆን አለበት። ማዕዘኑ ከወዲያ የሚመጣው ሰው አስቀድሞ እንዲታይ ሆኖ ይሠራል።

ልብ በሉ! ይህ ጥናት የተነሣው ስለ ዊልቸር ሳይሆን ስለ ጆሮና ስለ ዓይን ነው። የደረሰበት ግን ለስላሳ መወጣጫ፣ ሰፊ መንገድ፣ ሰፊ በር ላይ ነው። ዊልቸርስ የሚፈልገው ሌላ ምንድን ነው? እንግዲህ «የሌላ ማኅበር ጉዳይ ነው» የተባለው ነገር የራሳቸው የመስማት የተሳናቸው ጉዳይ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

በሩን ማለፍ ብቻውንም አይበቃም። በዊልቸር የመጣውን ሰው መንገድ እንዳይዘጋ ተብሎ ከኋላ ጥግ ማስቀመጥ የተለመደ ነው። መስማት የሚችል ሰው ከኋላም ይሰማል። መስማት የተሳነው ግን ከፊቱ በቆመ ሰው ወይም በምሰሶ አስተርጓሚው ከተጋረደበት ስብሰባው አለቀ። ሰዎች ቆመው ክብ ሠርተው በምልክት ሲጫወቱ የተቀመጠው ሰው ከደረታቸው በታች ይቀራል፤ ወሬው በራሱ ላይ ያልፋል። ስለዚህ በማዕከሉ ውስጥ ወንበሮቹ በክብ ይደርደሩ፤ ከፊት ረድፍ መካከል ዊልቸር የሚገባበት ቦታ ይተው፤ ወሬም ሲጀመር ሰው ይቀመጥ። መስኮቱ ከአስተርጓሚው ጀርባ አይሁን፤ ብርሃን ከኋላው ከመጣ ፊቱና እጁ ጥላ ሆነው ይቀራሉ። መብራት በሚጠፋበት ጊዜ የሚረዳው የመስኮቱ አቀማመጥ ነውና ይህ ለኛ ከተሞች ቀላል ነገር አይደለም። መጸዳጃ ቤቱንም አንርሳ። ቀኑን ሙሉ የሚውል ስብሰባ ላይ የመጸዳጃው በር ጠባብ፣ ደጁም ከፍ ያለ ከሆነ ያ ሰው ከጧት ጀምሮ ውኃ ሳይጠጣ ይውላል፤ ወይም ሁለተኛ አይመጣም።

የጎጃምን ክረምት ለምናውቅ ሰዎች ደግሞ ከዋናው መንገድ እስከ በሩ ያለው ቦታም የቤቱ አካል ነው። የዊልቸር የፊት ጎማዎች ትንንሾች ስለሆኑ በቀዩ ጭቃ ውስጥ ይሰምጣሉ። በእጅ የሚዘወረው ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ለወጣ ገባ መንገድ ይሻላል፤ እርሱ ደግሞ ትልቅ ስለሆነ በብዙ በር አያልፍም። ስለዚህ ከመንገዱ እስከ በሩ ድረስ ድንጋይ ተነጥፎ በደንብ የተስተካከለ መሄጃ፣ ብስክሌቱም ከዝናብና ከፀሐይ የሚጠለልበት ጣሪያ ያስፈልጋል።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ እንዲያደርግ ይደነግጋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄዱትም፣ መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለሚቸግራቸውም የሚመች መግቢያ እንዲኖረው፣ መጸዳጃውም እንደዚሁ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያጸደቀውን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም አገራችን በ2002 ዓ.ም. ተቀብላ የሕጓ አካል አድርጋዋለች። የዚህ ስምምነት አንቀጽ 9 ሕንፃዎችና መንገዶች ለሁሉ ተደራሽ ይሁኑ ይላል። አንቀጽ 30 ደግሞ የምልክት ቋንቋና የመስማት የተሳናቸው ባህል ይከበር ይላል። ሁለቱም በአንድ ሰነድ ውስጥ የተጻፉ ናቸው። አንዱን አንቀጽ አንድ ማኅበር፣ ሌላውን አንቀጽ ሌላ ማኅበር እንዲካፈለው አልተጻፉም።

አሁን በክርክሩ ጊዜ ለተሰነዘሩት ተቃውሞዎች መልስ እንስጥ።

አንዳንዶቹ «እኛ እያለን ምን ችግር አለው? እንሸከመዋለን» ይላሉ። ይህ ከመልካም ልብ የመጣ ነው። በገጠራችን የታመመ ሰው ሲኖር ጎረቤት ተጠራርቶ በቃሬዛ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ ማድረሱ ልንኮራበት የሚገባ ባህል ነው። ይሁን እንጂ ቃሬዛ ለሕመምተኛ ነው። ለስብሰባ፣ ለትምህርት፣ ለጨዋታ የሚመጣ ሰው ሕመምተኛ አይደለም። ሲመጣም ሲሄድም ሸካሚ መለመን ካለበት በፈለገው ሰዓት መጥቶ በፈለገው ሰዓት መሄድ አይችልም። ያልተስማማበት ነገር ቢኖር ተነሥቶ ጥሎ የመውጣት መብት እንኳ የለውም። ጥሎ መውጣት የማይቻልበት ስብሰባ ምን ስብሰባ ነው?

ሌሎች ደግሞ «ስንት ሰው ነው? እኛ አንድም አይተን አናውቅም» ይላሉ። ድልድይ የሌለውን ወንዝ በክረምት ቆሞ አይቶ «የሚሻገር ሰው የለምና ድልድይ አያስፈልግም» እንደ ማለት ነው። ያላየናቸው ስለሌሉ ሳይሆን መውጫ ስላጡ ነው። ደግሞም መወጣጫው ለእነርሱ ብቻ አይደለም። ነፍሰ ጡሯ፣ ምርኩዝ የያዙት ሽማግሌ፣ ጀሪካን ውኃ የተሸከመችው ልጅ፣ ጋሪ የሚገፋው ሠራተኛ ሁሉም ይሄዱበታል።

«ገንዘብ ከየት ይመጣል?» ለሚሉት መልሳችን የሒሳብ ትምህርታችን ነው። በሰፊው የሚሠራበት መመዘኛ አንድ ለአሥራ ሁለት ይባላል፤ ለ1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ማለት ነው። እያንዳንዳቸው 15 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ደረጃዎች ከፍታቸው 45 ሴንቲ ሜትር ነው። በ12 ሲባዛ 540 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 5 ሜትር ከ40 ይሆናል። ከላይ በሩ ፊት ዊልቸሩ የሚዞርበት በየአቅጣጫው 1 ሜትር ተኩል የሆነ ደልዳላ ቦታ ይጨመርበታል። ቦታው ካልበቃ መወጣጫውን መሐል ላይ ማሳረፊያ ሰጥቶ ማጠፍ ይቻላል። የሚያስፈልገው ድንጋይ፣ አሸዋ፣ ጥቂት ሲሚንቶ፣ አንድ ግንበኛና የወላጆች ጉልበት ነው። ይህ ሁሉ ከመሠረቱ ጋር ባንድነት ሲሠራ እዳው ገብስ ነው። ቤቱ ካለቀ በኋላ አፍርሶ መሥራት ግን ውድ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ስለ መለኪያው ይህን ያህል የተናገርነው ያለ ምክንያት አይደለም። ያንኑ 45 ሴንቲ ሜትር በ2 ሜትር ርዝመት ሊያወጡ የሚሠሩ መወጣጫዎች አሉ። እንዲህ ያለው መወጣጫ ሳይሆን መንሸራተቻ ነው። በሪፖርት ላይ «ተሠርቷል» ተብሎ ይመዘገባል፤ የሚወጣበት ግን ሰው የለም። የሪፖርት መወጣጫ ብለን ብንጠራው አያስቀይምም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የምንጠይቀውና ራሳችንም ልንፈጽመው የምንፈልገው አራት ነገር ነው።

አንደኛ፤ የሽንዲው ዕቅድ እንደገና ሲቀርብ መወጣጫው፣ የበሩ ስፋት፣ የመቀመጫው አደራደርና መጸዳጃው ከአስተርጓሚው ጋር በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይግቡ። ዕቅዱ የልምምድ ወረቀት ቢሆንም ነገ በእውን የምንሠራው ዛሬ በወረቀት የለመድነውን ነው።

ሁለተኛ፤ ከቤታችን እንጀምር። የሒሳብ ክበብና የልዩ ፍላጎት ክበብ አባላት አንድ ቅዳሜ ጧት ሜትር ይዘን የተቋማችንን ደረጃዎች፣ በሮችና መጸዳጃ ቤቶች እንለካ። ውጤቱን በዚሁ ሰሌዳ ላይ እንለጥፍ። የተከበራችሁ መምህሮቻችን፤ ልኬታችንን እንድታርሙልንና ለአስተዳደሩ እንድታደርሱልን በአክብሮት እንለምናለን።

ሦስተኛ፤ የምልክት ቋንቋን ለፈተና ያህል ብቻ ተምረን አንተወው። በሳምንት አንድ ማታ፣ ቢቻል ቋንቋው የአፍ መፍቻው የሆነ መስማት የተሳነው ሰው አስተማሪ ሆኖ፣ ተሰባስበን እንለማመድ። ስንለማመድም አንዳችን ተቀምጠን፣ አንዳችን ቆመን፣ አንዳችን ጋሪ እየገፋን እንሞክረው፤ ከላይ የጻፍነው እውነት መሆኑን እጃችን ራሱ ይነግረናል።

አራተኛ፤ በየተመደብንበት ቦታ፣ በወምበርማም ይሁን በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላም ዙሪያም ይሁን በቆላው፣ ክፍል ሲሠራ ወይም አዳራሽ ሲታደስ ሲሚንቶው ከመፍሰሱ በፊት በዊልቸር የሚሄድ ሰው መንገዱን እንዲሞክረው፣ መስማት የተሳነውም ሰው ከየትኛው ወንበር አስተርጓሚውን እንደሚያይ እንዲያሳየን እንጥራቸው። ስለ እነርሱ ያለ እነርሱ አይወሰን።

በገጠር መምህር ማለት ፊደል የሚያስቆጥር ብቻ አይደለም። ደብዳቤ ሲጻፍ፣ ኮሚቴ ሲቋቋም፣ የት/ቤት ግንባታ ሲታቀድ «መምህሩ ምን ይላሉ?» ይባላል። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ትልቅ ንግግር አይደለም። አንድ ሜትር ይዞ ተነሥቶ «ይህ ከፍታ ስንት ነው? ርዝመቱስ ይበቃዋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ያ ጥያቄ በሰዓቱ ከተጠየቀ አንድ ሰው ሁለት እጁን ነፃ አድርጎ፣ ከጓደኛው ጋር እያወጋ፣ ማንንም ሳይለምን በሩን ያልፋል። ይህን ሳንጠይቅ የሚገነባ ደጅ እንዳይኖር እንጠንክር!